በጉ የታሰረበት ብረት

አንድ ሰው ነበር። ጊታር ይጫወታል።

ከሁሉ በፊት ነገሩ እንዴት እንደነበረ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ቀኑ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው ሰኞ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዐሥር ተኩል። አምፕሊፋየሩ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ሳጥን፣ ሳሎን ውስጥ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል። ገመዱ ሶኬት ላይ ተሰክቷል፤ ጊታሩም ተያይዟል። የድምፁ መጠን ሦስት ላይ ነው። ሰውዬው ገና አንድ ክር አልመታም። ሳጥኑ ውስጥ ግን አንድ ነገር ያጉረመርማል፦ እምምምምም።

እጁን ክሮቹ ላይ ጫነ። ዝም አለ።

እጁን አነሣ። እምምምምም።

ጫነ፤ ዝም። አነሣ፤ እምምምምም። ስድስት ጊዜ ሞከረው፣ ስድስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። ደብተር አመጣና ጻፈው።

ይህ ሰው ሆሳዕና ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ሥራው ማየት ነው። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ዐይኑን ተክሎ የሰው ደም ይመረምራል። ያየውን ይጽፋል፤ ያላየውን አይጽፍም። የሰፈሩ ሰው ዶክተር ይለዋል፤ አይደለሁም ብሎ ብሎ ደክሞት ትቶታል። ቤቱም ሲገባ ያው ነው። ሚስቱ ዳመነች፣ ባሌ ጨው በዛ አይልም፣ ከትናንቱ በግማሽ ማንኪያ ይበልጣል ነው የሚለው እያለች ለጎረቤት ታወራለች።

እና ይህች ጉርምርምታ ለምን አስጨነቀችው? እኛ ብንሆን ድምፁን ከፍ አድርገን እንጫወትባት አልነበር?

ቅዳሜ ጠዋት መዝሙር ይቀረጻል፤ ለዚህ ነው። መዘምራኑ ተሰባስበው ማገልገል ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አንድም መዝሙር ቀርጸው አያውቁም። ቀራጩ ከሐዋሳ የሚመጣው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። የጸሎት አዳራሻቸው ከመናኸሪያው ጎን ስለሆነ፣ ሃሌ ሉያ ባሉ ቁጥር ‹‹ሶዶ! ሶዶ! አንድ ሰው!›› የሚል ጥሪ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ጸጥ ያለውን የዚህን ሰው ሳሎን መረጡ።

ከመዝሙሮቹም አንዱ የእሱ ነው። ሁለት ዓመት ደክሞበታል። መግቢያው ጊታር ብቻ ነው፤ ቀስ ያለ፣ በአንዱ ድምፅና በሌላው መካከል ረጅም ዝምታ ያለው። የመዝሙሩ ነፍስ ያለችው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። አሁን እዚያ ውስጥ ጉርምርምታ ተቀምጦበታል።

ማክሰኞ የመዘምራኑ መሪ ኤርጊኖ ለልምምድ መጣ። ቁጭ ብሎ መግቢያውን ሰማ። ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አስጠጋ፤ መለስ አለ፤ ደግሞ አስጠጋ።

‹‹ወንድሜ፣ መዝሙራችን ውስጥ ንብ ገብቷል›› አለው።

ሁለቱም ሳቁ። ኤርጊኖ ሊወጣ ሲል፣ አንድ እግሩ ከበሩ ውጪ ሆኖ፣ እስከ ዓርብ ንቡን አውጣው፣ ካልወጣ ግን ጊታሩ ይወጣና መግቢያውን በኪቦርድ እናደርገዋለን አለው። እየሳቀ ነው ያለው። ሰውዬውም እየሳቀ ሸኘው። በሩን ዘግቶ ሲመለስ ግን ሳቁ አብሮት አልገባም።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው የሚያውቀውን ሥራ ጀመረ። መመርመር!

ማክሰኞ ገመዱን ቀየረ። ለውጥ የለም፤ ጻፈ። ሶኬቱን ቀየረ። ለውጥ የለም፤ ጻፈ። ፍሪጁን ነቀለ፤ ለውጥ የለም። ቴሌቪዥኑን ነቀለ፤ ለውጥ የለም። የሳሎኑን ረጅም አምፖል አጠፋ፤ አብሮ ይሰማ የነበረው ‹ዝዝዝ› ትንሽ ቀነሰ፣ ‹እምምም› ግን እንዳለ ነው። ‹ዝዝዝ›ን ለብቻ፣ ‹እምምም›ን ለብቻ ጻፈ።

ረቡዕ አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ ወጥ ቤት አስገባው። ዳመነች ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ብላ አየችው፤ አሁን ደግሞ ወጥ ልታስሸትተው ነው ወይ አለችው። እዚያም ያው ነው። መልሶ ሲያወጣው በመላ ሰፈሩ መብራት ጠፋ። ጉርምርምታውም ጠፋ።

‹‹ይኸው፣ ተስተካከለ›› አለች ዳመነች።

ይህን ግን አልጻፈውም።

ሌላም ያልጻፈው ነገር አለ፤ ይህን ደግሞ አደራ፣ ልብ በሉት። ረቡዕ ጠዋት ዳመነች ሳሎኑን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል፣ ባዶ እግሯን ነበረች፣ ሳጥኑን ገፋ ልታደርግ የጀርባውን ብረት ስትነካ ነዘራት። እጇን ሳብ አድርጋ፣ አንተ፣ ይህ ነገርህ ይነዝራል አለችው። እሱ ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀረ፣ እጅሽ እርጥብ ሆኖ ነው አላት። ለምን አልጻፈውም? መርማሪው እሱ ነዋ! እሷ ወለል የምትወለውል ሴት ናት። ወገኖቼ፣ በዚያ ሳምንት በዚያ ቤት ከተነገረው ነገር ሁሉ እውነቱን የያዘው ያ አንድ ቃል ነበር፤ ደብተሩ ላይ ግን የለም።

ረቡዕ ከሥራ መልስ ጊታሩንና አምፕሊፋየሩን በባጃጅ ጭኖ ወደ አዳራሹ ወሰዳቸው። ሰካ። ድምፁን ሦስት ላይ አደረገ። እጁን አነሣ። ዝም! ጸጥታ! ስለዚህ ጊታሩ ደኅና ነው። አምፕሊፋየሩ ደኅና ነው። ገመዱም ደኅና ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ዕቃው ደኅና ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ያለውም ነገር አንድ በአንድ ተነቅሎ ከታየ፣ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው?

የጎረቤት ነዋ!

ከአጥሩ ወዲያ ሙዘይን የሚባል ብረት በያጅ አለ፤ የስልጤ ሰው ነው፣ የግቢ በር ይሠራል። ስድስት ዓመት በጉርብትና ሲኖሩ አንድ ቀን ክፉ ተነጋግረው አያውቁም። ሐሙስ ሰውዬው ከሥራ የሁለት ቀን ፈቃድ ወስዶ፣ ቀትር ላይ ደብተሩን ይዞ ሄደ። ሙዘይን ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አዳመጠው። ሰውዬው ጮኾ አልተናገረም፤ አልተሳደበም፤ ግን ደብተር ተይዞ የሚነገር ነገር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እጄን ስጭን ዝም ይላል፣ ሳነሣ ያጉረመርማል፤ መብራቱን የምታበላሸው አንተ ነህ፣ ይኸው ተጽፏል አለው።

ሙዘይን ወደ ሥራው ዞር ብሎ አየ። አንድ ትልቅ በር በሁለት ድጋፍ ላይ ተጋድሟል፤ ለዓርብ ቃል የተገባ ነው።

‹‹ስንት ሰዓት ይበቃሃል?››

ግማሽ ቀን አለው። ሙዘይን ማሽኑን አጠፋና መነጽሩን ሰቀለ። ሰውዬው እናያለን ብሎት ተመለሰ። አመሰግናለሁ አላለም፤ እናያለን ነው ያለው።

ከሰባት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከአጥሩ ወዲያ አንድ ብልጭታ አልታየም። በየግማሽ ሰዓቱ እጁን ጫነ፤ አነሣ። ስምንት ጊዜ። ስምንት መስመር ጻፈ። ስምንቱም መስመር ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፦ እንዳለ ነው፤ እንዳለ ነው፤ እንዳለ ነው።

ዳመነች የደብተሩን ገጽ በትከሻው ላይ አየችና ሂድና ንገረው አለችው። ነገ እነግረዋለሁ አለ። ‹‹እሱ ግን በሩን ዛሬ ሳይበይድ ነው የዋለው›› አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ዓርብ በጠዋት ሄደ። ደብተሩን አልያዘም። ሙዘይን ማሽኑን ለማስነሣት ገመድ ሲዘረጋ ደረሰ። ያንተ አይደለም አለው። በደብተሬ አስፈራርቼህ ቀንህን በላሁብህ፣ ይቅር በለኝ አለው። ሙዘይን ገመዱን መዘርጋቱን ተወና አንድ ጥያቄ ጠየቀው።

‹‹ትናንት እጄን ስጭን ዝም ይላል ያልከኝ፣ የት ላይ ስትጭን ነው?››

‹‹ክሮቹ ላይ።››

‹‹ስታነሣስ?››

‹‹ይመለሳል።››

ሙዘይን ሳቀ። ከማሽኑ የሚወጣውን፣ ጫፉ ላይ ትልቅ ቆንጣጭ ያለበትን ገመድ አነሣና አሳየው። ይህ ቆንጣጭ የምበይደውን ብረት ካልነከሰልኝ አንዲት ነጥብ አልበይድም አለው። ኤሌክትሪክ መሄጃ ብቻ አይበቃውም፤ መመለሻ ይፈልጋል።

‹‹ዶክተር፣ ሳጥንህ መሬት አጥቷል። መሬት ሲያጣ አንተን መሬት አደረገህ። ዝም የሚለው በአንተ በኩል እያረፈ ነው።››

ሰውዬው መዳፉን ገልብጦ አየ። አምስት ቀን ሙሉ እጁን እየጫነ ሲያነሣ፣ እጁ ራሱ መልሱ እንደሆነ አላየም።

ሙዘይን የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ይዞ አብሮት መጣ። አንዱን ጫፍ የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ፣ አንዱን የውሃ ቧንቧው ብረት ላይ አደረገ። ዘጠና አራት ቮልት! ይህ መቀለጃ አይደለም፤ ሰው ያስደነግጣል፣ ከባሰም ከዚህ ያልፋል አለ። ዳመነች ከበሩ ላይ ሆና፣ እኔ ነዘረኝ አላልኩም ወይ አለች።

ከዚያ ሙዘይን፣ የመሬት ሽቦህ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው አያውቅም። በቆጣሪው ሥር አድርገው በቤቱ ማዕዘን ዞሩ። እዚያ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቅ ያለ ብረት አለ፤ ዘንግ ነው፣ ቤቱ ሲሠራ የተቀበረ። ከቆጣሪው የወረደ አረንጓዴ ሽቦ ከእሱ ጋር በማሰሪያ ተጣብቆ መገኘት ነበረበት። ሽቦው ተበጥሶ ሣሩ ውስጥ ወድቋል። ዘንጉ ተዘንብሏል፤ ዙሪያውን አፈሩ ተፍቆ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኗል። አንገቱም ላይ እስካሁን የተቋጠረ የጭረት ገመድ አለ።

ሙዘይን ገመዱን በሁለት ጣቱ አነሣና፣

‹‹በጉን አልቀመስኩትም እንጂ ሥራውንስ አይቼለታለሁ›› አለ።

የሆነው ይህ ነው። ለፋሲካ ሰውዬው አንድ ጉልበተኛ የበግ ሙክት ገዛ። ከበዓሉ በፊት ባለው ረቡዕ። ዳመነች አቮካዶው ላይ እሰረው ስትለው ልጡን ይበላዋል፣ ለጋ ነው አላት። ዞር ብሎ አየ። ከመሬት ብቅ ያለ ጠንካራ ብረት፤ ምንም የማይሠራ ብረት። እዚያ አሰረው። በጉ አራት ቀን ጎተተ። ቅዳሜ ማታ ሲታረድ ሰው ሁሉ በጉን አየ፤ ብረቱን ያየ የለም። እሑድ ተበላ፣ ተባረከ፣ ተዘመረ። ሰኞ ሳጥኑ ማጉረምረም ጀመረ።

ዳመነች ቆማ አየችና፣ አቮካዶውን አድናለሁ ብለህ ቤቱን ከመሬት ነቀልከው አለችው። ከዚያ ሦስቱም በአንድ ላይ ሳቁ።

ሙዘይን ዋናውን መብራት አጠፋ። ዘንጉን አቅንቶ በመዶሻ አስገባው፣ አዲስ ማሰሪያ ከራሱ ዕቃ አምጥቶ ሽቦውን ጠበቀ አድርጎ አሰረ፣ አፈሩን መልሶ አንድ ባልዲ ውሃ አፈሰሰበት። ዋናውን ሲያበሩት ቴስተሩ ከአንድ ቮልት በታች አነበበ። ሰውዬውም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሙዘይን በሩን ሲበይድ ሌላኛውን ጫፍ ይዞለት ዋለ። በሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እኛ እንምጣ።

በጉ ኃጢአት ነበር? አልነበረም! የበዓል በግ ነው። ምርቃት ነው። ሰውዬው ጣዖት አላሰረም፤ ጥሩ ነገር ነው ያሰረው። ግን የት ላይ አሰረው? ቤቱ ሁሉ የተያያዘበት ነገር ላይ አሰረው። ለምን? ምንም የማይሠራ ስለመሰለው። አያበራም፣ አይሞቅም፣ ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ መሬት ውስጥ ይቆማል።

እናንተስ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ የሚቆመው ነገር ምንድን ነው? ከእራት በፊት ያለችው የአንድ ምዕራፍ ንባብ አይደለችም? ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተንበርክከው የሚጸልዩባት ሩብ ሰዓት አይደለችም? ያቺ ሩብ ሰዓት ምንም የምትሠራ አትመስልም። ስለዚህ የሠርግ ኮሚቴ ስብሰባ ይመጣል፤ የት እንሰረው? እዚያ ላይ። የልጆች ትምህርት ይመጣል፤ እዚያ ላይ። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው እንላለን። የኮሚቴው ስብሰባ ያልቃል፤ ሠርጉ ይበላል። ገመዱ ግን እዚያው ተቋጥሮ ቀርቷል፣ ሽቦውም ተበጥሷል። ያን ቀን መብራት አይጠፋም፤ ፍሪጁም ይሠራል። ሁሉ ደኅና ይመስላል። ጉርምርምታው የሚሰማው ሁሉም ዝም ሲል ነው።

ሲሰማ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ገመድ እንቀይራለን። አምፖል እናጠፋለን። ከዚያ ደብተር ይዘን ወደ ጎረቤት እንሄዳለን። አማቴ ናት እንላለን። አለቃዬ ነው እንላለን። አዲሱ የመዘምራን መሪ ነው እንላለን። እስቲ ንገሩኝ፣ ደብተራችሁ ላይ የስንት ሰው ስም ተጽፏል? ቤታችሁ ውስጥ ‹‹ነዘረኝ›› ብላ የነገረቻችሁ ሴት ቃልስ ተጽፏል?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለእናንተ እጃችሁን ክሩ ላይ ለጫናችሁት ነው።

በየቤቱ አንድ ሰው አለ። እሷ ስትኖር ቤቱ ዝም ይላል። ለሁለት ቀን ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ስትመለስ፣ ወንድማማቾቹ ተኳርፈው፣ አባት አልበላም ብሎ ታገኛቸዋለች። እጇን ትጭናለች፤ ዝም ይላል። ጎበዝ ናት ትባላለች። እሷም ይህ ሰላም ይመስላታል። እህቴ፣ ወንድሜ፣ ያ ሰላም አይደለም፤ በአንቺ በኩል፣ በአንተ በኩል እያረፈ ነው። ሥጋና ደም የዚህን ሁሉ ሰው ንዝረት እያሳለፈ ዕድሜ ልኩን አይችለውም። ሰው ለመሬትነት አልተፈጠረም። እጃችሁን ሳታነሡ ወደ ጓሮ ሄዳችሁ መጠገን አትችሉም። አንሡት። ትንሽ ያጉረምርም፤ ይሰማ፤ ሁሉም ይስማው። ከዚያ ቤተሰቡን ሁሉ ይዛችሁ በማዕዘኑ ዙሩ፣ ገመዱን ፍቱ፣ ሽቦውን መልሱ። በጉን አቮካዶው ላይ እሰሩት፤ ልጡን ቢበላው ይብላው!

ቅዳሜ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቀራጩ መሣሪያውን ዘረጋ። መዝሙር ከመጀመሩ በፊት የክፍሉን ዝምታ ብቻ አንድ ደቂቃ እቀርጻለሁ፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ አለ። መዘምራኑ ቆሙ። ኤርጊኖ ትንፋሹን ያዘ። ሙዘይን መስኮቱ አጠገብ ነበር፤ ድምፁ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ ማሽኑን አጥፍቶ መጥቷል። አምፕሊፋየሩ በርቷል፤ የድምፁ መጠን ሦስት ላይ ነው፤ ጊታሩ ተያይዟል። ሰውዬው ሁለት እጆቹን ከክሮቹ ላይ አነሣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው።

ቀራጩ በኋላ መልሶ ሲያሰማቸው አንድ ነገር ብቻ ተሰማ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት። ሰውዬው ከልማዱ ቆጠረው። ስልሳ ሰከንድ፣ ስልሳ ምት።